ሳፋው ባዶ ካልሆነ

በዚያ ጋራዥ አንድ ሕግ ነበር። የትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ደጃፉን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከመኪና ላይ የተፈታ ነገር ሁሉ፣ ከትልቁ ፓምፕ ጀምሮ እስከ ትንሿ ዳዶ ድረስ፣ መሬት ላይ በተቀመጠው ሰፊ የብረት ሳፋ ውስጥ ይገባል። እዚያው በናፍጣ ይታጠባል፤ ከዚያው ተነሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራው ሲያልቅ ሳፋው ባዶ መሆን አለበት። ሳፋው ባዶ ካልሆነ ኮፈን አይዘጋም። ኮፈኑን የሚዘጉት ደግሞ የጋራዡ ባለቤት፣ አለቃ፣ ብቻ ናቸው።

ስለ አለቃና ስለ ሳፋቸው የሚወራው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ሞተር ገጥመው ጨርሰው ሳለ ሳፋው ውስጥ አንዲት ዳዶ ተርፋ አገኙ። ባለመኪናው ቆሞ እየለመናቸው ሞተሩን እንደገና ፈትተው እንደገና ገጠሙት። ዳዶዋ አሁንም ተረፈች። ዳግመኛ ሊፈቱት እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ የጋራዡ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀና የዳዶዋ ቤት ታወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። አለቃ ግን በሩን ከመሬት እያነሡ፣ «አላልኳችሁም? ትርፍ የሚባል ነገር የለም» አሉ ይባላል።

አብሯቸው የሚሠራው የልጃቸው ባል ነው። እጁ የተባረከ መካኒክ ቢሆንም ሰፈሩ መካኒኩ ብሎት አያውቅም፤ ሁሉም የሚጠራው «አማቹ» እያለ ነው። ይህም የሆነው በራሱ ጥፋት ነው ማለት ይቻላል፤ ዝምታው ለጉድ ነበር። ሰላምታ ሊመልስ አፉን እስኪከፍት ሰላም ያለው ሰው መንገዱን አቋርጦ ሄዷል። ሚስቱ ስታገባው የወደደችው ይህንኑ ዝምታውን ነበር፤ አሁን ግን አንዳንድ ቀን ከግድግዳ ጋር የተጋባሁ መሰለኝ ትላለች።

በዚያ ሰሞን ግን ዝምታው ጦስ ሊሆንበት ነበር። አለቃ ጉልበታቸው ደክሟል። ከመኪና ሥር ከገቡ የሚወጡት ተጎትተው ነው። ጋራዡን ለአንድ ሰው ሰጥተው ማረፍ አለባቸው፤ አጥር የሚጋራቸው ጎሚስታ ደግሞ ይህን ካወቀ ቆይቷል። ጎማ ሲጠግን በአጥሩ ሽንቁር እያየ ግቢውን በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። በየጊዜው ብቅ እያለ፣ «አለቃ፣ ያ ነገራችንስ?» ይላቸዋል፤ እሳቸው እሺም እንቢም አይሉም። ልጃቸው፣ ባሌ እያለ ለምን ለባዳ ትሸጠዋለህ ብላ ስትሟገታቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። እጁን አውቀዋለሁ፣ ልቡን ግን አላውቀውም፤ አይናገርማ።

ይህ ሁሉ እንዲህ እንዳለ ነው ዳቦ ቤቱ መኪናውን እየነዳ የመጣው።

ዳቦ ቤቱ የሚሉት የዳቦ ቤት ባለቤት ስለሆነ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። ከዳቦ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ቀይዋን የውድድር መኪናውን ነው። በዓመት አንድ እሁድ መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪ ተዘግቶ የዳገት ውድድር ይደረጋል። ዳቦ ቤቱ አምና የወጣው መጨረሻ ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ የሚያውቀው ሰው ምሥጢር ነግሮታል፤ የሚያሸንፉት ሰዎች ከሞተሩ ላይ ትርፍ የሆነውን ነገር ሁሉ አስወጥተው ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ይህን መኪና ወደፊት የማይገፋ ነገር ካለ በሙሉ ይውጣልኝ አለ።

አለቃ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «እንግዲያው መጀመሪያ የምናወጣው አንተን ነው» አሉት።

ሲስቁ አማቹ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ ነበር። አለቃ ምን ይታይሃል ሲሉት፣ ሚስቱ እንኳን ሰምታ የማታውቀውን ያህል ረጅም ንግግር አደረገ። ይሄ ቱቦ የወጣውን ጭስ መልሶ ለሞተሩ የሚያጠጣ ነው። ይሄ ፓምፕ ጭስ ማውጫው ውስጥ አየር ይነፋል። ይቺ ጥቁር ጣሳ የቤንዚኑን ትነት ትሰበስባለች። እነዚህ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ደግሞ የሞቀ ውሃ ከሞተሩ እያመጡ አየር የሚገባበትን አፍ ያሞቁታል፤ በረዶ እንዳይሠራበት። መንገድ ላይ ለሚውል መኪና የጭሱ ዕቃዎች ለሰው ሳንባ ሲባል ያስፈልጋሉ። ዳገት ብቻ ለምትወጣ መኪና ግን ሸክም ናቸው፤ ሙቀቱንም ይጨምራሉ፤ ከቀጫጭኖቹ ጎማዎች አንዱ ከፈነዳ ደግሞ ውሃው ሁሉ ያልቃል።

አለቃ ከዚህ ሁሉ የያዙት አንዱን ነው። «የምን በረዶ?»

«የብርድ አገር በረዶ፣ አባባ። መኪናዋ የተሠራችው እዚያ ነው።»

አለቃ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። የጋራዡ ቆርቆሮ በሙቀት እየተንጣጣ ነበር። ፋብሪካው ሞኝ ነው ወይ ብለው ለራሳቸው ካጉረመረሙ በኋላ ዳቦ ቤቱ ባለበት፣ ጎሚስታውም በአጥሩ ሽንቁር እየሰማ፣ ፍርድ ሰጡ። ሥራው ያንተ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባም አሉት አማቹን። ካማረልህ የጋራዡን ነገር ያኔ እንነጋገራለን። ካላማረልህ ደግሞ ጎሚስታው እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም።

አማቹ ያን ምሳ በቅጡ አልበላም። ከሰዓት በኋላ መፍታት ጀመረ። የሞተሩን ውሃ አንጠፈጠፈ፤ ፓምፑን ከነማቀፊያው አወጣ፤ የጭሱን ቱቦ፣ ጣሳዋን፣ ቀጫጭኖቹን ጎማዎች አንድ በአንድ እየነቀለ በሕጉ መሠረት ሳፋው ውስጥ ከተተ። ሞተሩ እየቀለለ ሲሄድ ሳፋው እየሞላ ሄደ። አለቃ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሞተሩን ትተው ሳፋውን ያያሉ። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ፊት ነበር ያላቸው።

እጄን አላስገባም ቢሉም እጅ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። ከደንበኛ ጋር ቆመው ስለ ፍሬን እያወሩ አንድ ማቀፊያ ከሳፋው አንሥተው፣ ጠርገው፣ ወደ ቦታው መልሰው ቡሎኑን ሲያጠብቁ ተገኙ። አማቹ ምንም ሳይል ዞር እስኪሉ ጠብቆ ፈታው። ትንሽ ቆይቶ ማቀፊያው ተመልሶ ቦታው ላይ ነበር። እንደገና ፈታው። እንደዚህ እየተመላለሱ ዋሉ።

ሚስቱ ይህን አይታ መከረችው። አባዬን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያንን ሳፋ ሞልቶ እያየ ምሳ አይወርድለትም፤ ወይ ደብቀው ወይ አርቀው አለችው። አማቹ የአማቱን ሳፋ መደበቅ ነውር መሰለው። ስለዚህ ጆንያ አለበሰው። ይህም የባሰ ሆነ። አለቃ በየጊዜው ብድግ እያሉ የጆንያውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ያዩና፣ ተንፍሰው ይመለሳሉ።

በውድድሩ ዋዜማ የቀረው ሥራ ጥቂት ነበር። ዕቃዎቹ የወጡባቸው ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው፤ መድፈኛዎቹን ደግሞ የሚቀርጸው ባለቶርኖው ነው። አማቹ ሄዶ ሊያመጣቸው ሲነሣ ለአለቃ እንዳይነኩት ሊነግራቸው አሰበ። ግን አባትን እንዴት አድርጎ አይንኩ ይባላል? በልቡ ቃሉን ሲያስተካክል ሲያፈርስ በሩን አልፎ ወጣ።

ባለቶርኖው መድፈኛዎቹን ጨርሶ አስቀምጦ ነበር። ያልጨረሰው ወሬውን ነው። ዝምተኛ ሰው ለወሬኛ ሰው ሲሳይ ነው። ከወንድሙ ሚስት ጀምሮ፣ በወንድሙ ሚስት በኩል ወደ ጣራ ማፍሰስ ተሻግሮ፣ ከጣራው ወደ ጥርሱ ሕመም ወረደ። አማቹ መድፈኛዎቹን በእጁ ይዞ አንድ እግሩን ወደ በሩ እያስጠጋ ይሰማል። አቋርጦ ደህና ዋል ማለት አቃተው። በመጨረሻ ያዳነው ከደጅ የገባ ሌላ ደንበኛ ነው።

እየሮጠ መጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ሰማዩ ላይ ነጭ ደመና አየ። ደመናው ከጋራዡ ግቢ ተነሥቶ፣ የጎሚስታውን ጎማዎች ሸፍኖ፣ ልብስ የተሰጣበትን የጎረቤት ገመድ ውጦ ወደ ላይ ይትጎለጎላል። አንዲት ሴት እየሳለች ልብሷን ትሰበስባለች። አማቹ እሳት መሰለው። ሲጠጋ ግን የጋየ ነገር ሽታ የለም፤ የሚሸተው ጣፋጭ እንፋሎት ነው። ይህን ሽታ መካኒክ ያውቀዋል። የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ነው።

ግቢው ውስጥ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ጠፍቷል። ዳቦ ቤቱ መሪው ላይ ተቀምጦ ያስላል፤ ቅንድቡ ብቻ ሳይሆን ፊቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። አለቃ አንድ እጃቸውን መኪናዋ ላይ ጥለው ቆመዋል። ጎሚስታው የጎማ መፈልቀቂያውን እንደያዘ አጥሩን ተሻግሮ ገብቷል። ሳፋው ደግሞ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባዶ ነው።

አማቹ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየው። ፓምፑ ቦታው ነው። ጣሳዋ ቦታዋ ናት። የጭሱ ቱቦ ተወልውሎ ያበራል። አለቃ እሱ ባለቶርኖው ቤት ቆሞ ስለ ጥርስ ሕመም ሲሰማ ሁሉንም መልሰዋል፤ ያፈሰሰውንም ውሃ ሞልተዋል። ግን እነዚህን ዕቃዎች በዕድሜያቸው አይተዋቸው አያውቁም። ሁለት ትንንሽ አፎች፣ አንዱ የውሃ ሌላው የአየር፣ ጎን ለጎን ሆነው ውፍረታቸው እኩል ነው። የሞቀው ውሃ ጎማ አየር በሚስበው አፍ ላይ ተሰክቷል። ዳቦ ቤቱ መጥቶ ደርሷል ወይ ሲል፣ ሳፋው ባዶ ነውና፣ ደርሷል ብለውታል። ሞተሩም ሲነሣ ውሃውን እየጠጣ ለሰፈሩ ሲተፋ ቆየ።

«ጭስ ቅነሳው ይሄ ነው?» አለ ጎሚስታው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።»

ዳቦ ቤቱ ከመኪናው ወርዶ ፊቱን በመሀረብ እየጠረገ፣ ይሄን ጎማ እዚህ ላይ የሰካው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

አማቹ አለቃን አየ። እሳቸው ሳፋውን ያያሉ። ጆሯቸው እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። አማቹ ምን እንደሚያጣ ጠፍቶት አይደለም። እውነቱን ቢናገር ጥፋቱ ከራሱ ላይ ይወርዳል፤ ካልተናገረ ጋራዡ በዓይኑ እያየ አጥሩን ይሻገራል። ያም ሆኖ ያንን የቀላ ጆሮ እያየ አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «አፎቹ ተምታቱብኝ።»

ዳቦ ቤቱ ቆጣ አለ። ነገ እኮ እሁድ ነው፣ ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት፣ ዳቦ እንኳን እኔ እንደዚህ አላሳርርም እያለ ተናገረው። ጎሚስታው ደግሞ ድምፁን ማር አስመስሎ ወደ አለቃ ዞረ። ይጎዱ ነበር አለቃ፣ ደግነቱ በጊዜ አዩት፤ ነገ ጠዋት ለዚያ ነገራችን ብቅ እላለሁ አላቸው። አማቹ ፒንሳውን አንሥቶ ጎማውን ሊነቅል ጎንበስ አለ።

እዚህ ላይ ስለ አለቃ ሽቦ መናገር ያስፈልጋል። አለቃ የፋብሪካ ማጥበቂያ ቀለበት አያምኑም። ጎማ የሚያስሩት በሽቦ ነው። ሽቦውን ደራርበው ይጠመጥሙና ጫፉን ጠምዘው፣ ሰው እንዳይቧጥጥ ወደ ውስጥ ቀብረው ይተዉታል። ይህን አስተሳሰር እሳቸው ብቻ ያውቁታል፤ የሚፈቱትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰፈሩ ግን ሲያየው ወዲያው ይለየዋል፤ ያልታሰረለት ቤት የለምና። የጎረቤት የአልጋ እግር፣ የጎሚስታው የነፋስ መሙያ ቱቦ፣ የዳቦ ቤቱ የምድጃ በር፣ ሁሉም በዚሁ የቆሙ ናቸው።

አማቹ ፒንሳውን ወደ ቀኝ አዞረ። ሽቦው ይበልጥ ጠበቀ። ጫፉን ፈልጎ አጣው። ፒንሳው አምልጦት ጣቱን ላጠው፤ ጣቱን ጠብቶ እንደገና ሞከረ። ዳቦ ቤቱ በትከሻው ላይ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና ንዴቱ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ራስህ ያሰርከውን መፍታት አቃተህ?» አለው። ከዚያ ሽቦውን ደህና አድርጎ አየው። ዓይኑ ከሽቦው ወደ አለቃ፣ ከአለቃ ወደ ሽቦው ተመላለሰ። «ይሄ እኮ የምድጃዬ በር ነው።»

ጎሚስታውም አንገቱን አሰገገና አየ።

አለቃ እስከዚህ ድረስ ችለው ነበር። አማቹ ፒንሳውን እንደገና ወደ ቀኝ ሲያዞር ግን አላስቻላቸውም። «ወደ ግራ!» አሉ። «ወደ ግራ ነው እንጂ፣ ልትበጥሰው ነው እኮ!» ፒንሳውን ከእጁ ነጥቀው፣ የሽቦውን ጫፍ በጥፍራቸው ዳስሰው አግኝተው አንዴ ሲጠመዝዙት እንደ ጫማ ክር ተፈታ። የተፈታውን ሽቦ በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ።

«የኔ እጅ ነው» አሉ ለዳቦ ቤቱ። «ሳፋው ሞልቶ አፈጠጠብኝ። ለአንድ ጎማ ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ መቆም አቃተኝ።»

ዳቦ ቤቱ ሊስቅ ፈልጎ እንዳይስቅ ሳል አስመሰለው። አለቃ ወደ አማቹ ዞሩ።

«አንተስ? ምን ቆርጦህ እኔ ነኝ አልክ?»

አማቹ መሬቱን አየ። አለቃ ጠበቁት። የሰውን መልስ ጠብቀው የማያውቁት ሰውዬ ፒንሳውን እንደያዙ ጸጥ ብለው ጠበቁት።

«በኔ ቢሆን ማንም አይገረምም ብዬ ነው፣ አባባ» አለ በመጨረሻ።

አለቃ ይህን ሰምተው ጎንበስ ብለው ሁለተኛውን ሽቦ ፈቱ። ከዚያ ፓምፑን ይፈቱ ጀመር። አማቹ በአንዱ ጎን፣ እሳቸው በሌላው ጎን ሆነው ዕቃውን ሁሉ እንደገና አወጡት። ሳፋውን ከግድግዳው አንሥተው መሬት ላይ ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን ነገር ሲከቱ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉ ነበር፤ መራራ መድኃኒት የሚውጡ ይመስላል። አማቹ መድፈኛዎቹን ከወረቀታቸው አውጥቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዘጋ፤ ውሃ የሚዞርበትንም መንገድ በአጭሩ አገናኘ።

ሞተሩ የጠጣው ውሃ መውጣት ነበረበት። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ነቅለው አማቹ ለሁሉም ዞር በሉ አለ። እሱ ደግሞ ሲናገር ቀስ ብሎ ስለሆነ ጎሚስታው አልሰማውም፤ አንገቱን አስግጎ ቀዳዳዎቹን እያየ ነበር። ሞተሩ ሲዞር ውሃው በየቀዳዳው ፊን ብሎ ወጣና ከአገጩ እስከ ቀበቶው አለበሰው። አለቃ ሳይስቁ ጨርቅ አቀበሉት። ጨርቁ ናፍጣ የተነከረ ነበር።

ካንዴላዎቹን መልሰው ሞተሩን ሲያስነሡት መጀመሪያ ትንሽ ሳለ፤ ትንሽ ነጭ ጭስ ወረወረ፤ ከዚያ ጠራ። ድምፁ እንኳን የቀለለ ይመስል ነበር። የሙቀት መለኪያው ከፍ ብሎ ቦታው ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። አለቃ እጃቸውን ከየመድፈኛው አጠገብ እያደረጉ አንድ ጠብታ ሲፈልጉ ቆይተው አጡ። ሲያጡ ቅር ያላቸው መሰለ።

ኮፈኑ ብቻ ቀረ። ሁሉም አለቃን አዩ። አለቃ ኮፈኑን በአንድ እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ ወደ ሳፋው አዩ። ሳፋው አፉ ድረስ ሞልቶ ተቀምጧል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አልችልም» አሉ። «አንተ ዝጋው። እኔ ፊቴን ላዙር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አማቹ በዚያ ጋራዥ ኮፈን ዘግቶ አያውቅም። በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የፈራ ይመስል ቀስ አድርጎ አወረደው፤ ስለዚህም አልተቆለፈም። ዳቦ ቤቱ፣ ኧረ ጣለው በቃ አለው። ከፍ አድርጎ ጣለው። ጓ ሲል አለቃ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

ዳቦ ቤቱ መኪናዋን እያስጓራ ወጣ። በማግስቱ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ስላጠናቀቀ ለሰፈሩ ዳቦ በነፃ አድሏል፤ እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት አለቃ፣ አማቹና ልብሱ የሚንጠባጠብ ጎሚስታ ናቸው። ሚስቱም ጩኸቱን ሰምታ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ጎሚስታው ሸሚዙን እየጨመቀ፣ የመጣበትን ነገር ሳይጠይቅ መሄድ ከበደው።

«እና አለቃ፣ ያ ነገራችንስ?»

አለቃ ገና ፊታቸውን ከግድግዳው አልመለሱም ነበር። «እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። «ባለቤቱን ጠይቀው።»

ጎሚስታው የቱን ባለቤት ሊል ከጀለና የአለቃ አገጭ ወደየት እንደሚያመለክት አየ። አማቹም አየ። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ የሚጠረግ ሌላ ነገር አጣ።

«ለጊዜው አይሸጥም» አለ።

«ለጊዜው?» አሉ አለቃ ፊታቸውን መልሰው። «ይቺ ቃል ምን ትሠራለች? አውጣት እንጂ።»

«አይሸጥም» አለ አማቹ፣ ከፍ አድርጎ።